በፕላስተር የተያዘ

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? ማንን ነው ታቅፈህ የመጣኸው?» ብላ የሟች እህት ጮኸች።

ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዲት ሴት ነገሩ ሳይገባት ማልቀስ ጀመረች።

«ኧረ ኮምፒውተሬ ነው!» አለ ሰውየው። «ነፍሳቸውን ይማር። እግዜር ያጽናችሁ።» ብሎም ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ ከወንዶቹ መሃል ተሸጉጦ ተቀመጠ።

የሟች ልጅ ከጥጓ ሆና አወቀችው። ከአባቷ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ሲበላም ሲያወራም ስለሚጣደፍ «ቶሎ ቶሎ» ብሎ ስም ያወጣለት አባቷ ነው።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስንቱ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ አለቀሰ! የሰው ላብ፣ ሽቶና የእርጥብ መሐረብ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። ከጎኗ የተቀመጡት ጎረቤት ብስኩት ቡናቸው ውስጥ እየነከሩ፣ አፋቸው እንደሞላ፣ «ወይ እጀ ወርቅ! ወይ እጀ ወርቅ!» ይላሉ። የረጠበው ፍርፋሪ ጥቁር ቀሚሷ ላይ ያርፋል። እጀ ወርቅ በተባለ ቁጥር ያንገሸግሻታል፤ የዚያ እጅ የመጨረሻ ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቶሎ ቶሎ አጠገቡ ወዳለው ሰው ጆሮ ጎንበስ አለ። ሹክሹክታው ግን ከጩኸት አይሻልም።

«ሟችን ማማት ነውር ነው። ግን አዲስ ኤስ ኤስ ዲ፣ ፈጣኑን ዲስክ፣ ገዝቼ በእጃቸው ሰጥቻለሁ። ከድሮው ዲስክ ጋር ይጨምሩልኝ፣ ይፍጠንልኝ ብዬ። ባለፈው ሳምንት ‹ጨርሻለሁ፣ ውሰድ› አሉኝ። ወስጄ ባስነሳው ያው ኤሊ! ዲስኩ የታለ?»

«ምን ለማለት ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? ዲስክ ግን እግር አውጥቶ አይሄድም።»

ወሬው ሳሎኑን ለመዞር አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ አልፈጀበትም። ብስኩቱ ቆመ። ሁሉም ቀስ ብሎ እናቷን አየ። እናቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ግድግዳውን ታያለች፤ ከንፈሯ ግን ነጥቷል። ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ሌባ ነበር ሊሏት ነው።

ልጅቷ ተነሳች። «ያምጡት።»

«አሁን?»

«አሁን። ከፍቼ አየዋለሁ። ካለም አለ፣ ከሌለም የለም ብዬ እዚሁ ሰው ፊት እናገራለሁ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ግን ተጠራጠረች። ባይኖርስ?

ሰባት ዓመት ከአባቷ ጋር ሠርታለች። ኤስ ኤስ ዲ መጨመር ያስተማራት እሱ ነው፤ እንደ ክብሪት ቀፎ የቀለለውን ዲስክ ቦታው ላይ ማስገባት፣ ኬብሉን ጠቅ እስኪል መግፋት፣ አራቱንም ብሎን ማሰር። ሌሎቹ ጠጋኞች፣ ዲስኩ ቀላል ነው ብለው በፕላስተር ለጥፈው ይሰዱታል። አባቷ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲያይ ፊቱ ይኮሳተራል። «ፕላስተር ለቁስል ነው» ይል ነበር። «ለኮምፒውተር ብሎን አለለት።»

ከሦስት ወር በፊት ግን ደንበኞች እየተመለሱ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም፣ የሌላው ብሎን ጎድሏል። ብትጠይቀው እጁን ኪሱ ከትቶ «ደክሞኝ ነው» አላት። አንድ ቀን ደንበኛ ሰድቧት ሲወጣ መታገስ አቃታት።

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ! ፊት ለፊት ያለውን ሰውዬ ‹ቶሎ ቶሎ› እያልክ ትሰድባለህ፣ አንተ ባስክ! ሥራህ ያስጠላል አባዬ።»

እጁን ከኪሱ አላወጣም። «እሺ ልጄ» ብቻ አለ። በሳምንቱ ሌላ ሱቅ ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ ሲደውልላት ሥራ ላይ ነኝ እያለች ትዘጋበት ነበር።

ኮምፒውተሩን ወደ ጓዳ ይዛ ገብታ እዚያ ባለው የአባቷ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው። ቶሎ ቶሎ ተከትሏት ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ቆመ። ካቻቪቴውን ከአባቷ መሳቢያ አውጥታ ጎኑን ከፈተች።

ቅባት የጠጣ አቧራ እንደ ሱፍ ተድበልብሏል። የሞቱ በረሮዎች ማራገቢያው ሥር ተከምረዋል። አንድ ያልሞተ በእጅ አንጓዋ ላይ ሽው ብሎ አለፈ።

«ኧክ! ይሄን ነው ሥሩልኝ ያሏቸው?»

«ሱቅ አይደል እንዴ፣ ምን ይደረግ» አለ ቶሎ ቶሎ። «ዲስኩ አለ?»

አለ። ከድሮው ዲስክ በላይ፣ ቦታው ላይ ተቀምጧል። እፎይ ሳትል ግን ሌላ ነገር አየች። አንድም ብሎን የለውም። ጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን ተጠምጥሞበት፣ ተጨማዶ፣ አንዱ ጫፍ ተነስቷል።

«አየሽ? በፕላስተር!» አለ፣ ደስ ብሎታል።

ፊቷ ጋለ። ወይ አባዬ! ሞተህም ታሳፍረኛለህ? ኬብሉ ግማሹ ወጥቷል፤ ቶሎ ቶሎ ተሸክሞት ሲጣደፍ ተንገጫግጮ የላላ ነው። ጠቅ እስኪል ገፋችው፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው የአባቷ ስክሪን ጋር ሰክታ አስነሳችው። ቶሎ ቶሎ ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይጨርስ ተከፈተ። ሥራው ሁሉ ወደ አዲሱ ዲስክ ተገልብጧል፤ አንድ ፋይል አልጎደለም።

«ኧረ በስማም! ይሄ መብረቅ ነው እንጂ ኮምፒውተር ነው?»

አጥፍታ፣ ነቅላ፣ በብሎን ልታስረው በስልኳ መብራት ቀዳዳዎቹን ፈለገች። ያኔ እጇ ቆመ።

በአራቱም ቀዳዳዎች ዙሪያ ብረቱ ተጫጭሯል። አንድ ሁለት ጊዜ አይደለም፤ ቀለሙ እስኪለቅ። ካቻቪቴ አዳልጦ፣ ተመልሶ፣ እንደገና አዳልጦ። ከታች፣ የበረሮዎቹ ሬሳ መሃል፣ አራቱ ብሎኖች ወድቀዋል። የሚያነሳቸው ጠፍቶ እዚያው ቀርተዋል።

«እማዬ!»

እናቷ መጥታ ከልጇ ትከሻ በላይ አየች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር የለም። ጭረቱን ግን ስታይ ጉንጯን ያዘች።

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «ስድስት ወር ሆኖታል። ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። አስምሎኝ ነው። ‹ልጅቷ ካወቀች ሥራዋን ትታ እኔን ልታስታምም ነው። ሰነፈ ብትለኝ ይሻለኛል› አለኝ።»

ያስጠላል ያለችው ቃል አፏ ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ መረራት። ያስጠላት በረሮው አይደለም፣ ብስኩቱም አይደለም። ራሷን ጠላች።

«እንግዲያው ቶሎ አስሪልኝና ልሂድ» አለ ቶሎ ቶሎ።

እናቷ ዞረችበት። «ትሄዳለህ። መጀመሪያ ግን እዚያ ያንሾካሾክኸውን እዚያው ጮኸህ አስተካክል።»

ሳሎን ገብቶ ሲለፍፍ ተሰማ። «ዲስኩ አለ! ሥራው አልቋል! እጀ ወርቅ ነበሩ እኮ!»

«አላልኳችሁም?» አሉ ጎረቤቷ በሞላ አፍ። ብስኩቱ ተጀምሯል። ምላስ አጥንት የለው!

ልጅቷ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከአቧራው ለቀመች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻቸው። ፕላስተሩን ሳትነካ በጎን በኩል አንዱን አሰረች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ዓይኗ ሞላ፤ ካቻቪቴው አዳለጣትና ከአባቷ ጭረቶች አጠገብ አንድ አዲስ ጭረት አወጣ። እንደገና ሞከረች። ገባ።

«ይሄንንስ አታነሺውም?» አለች እናቷ ወደ ፕላስተሩ እያየች። «ታስሯል አይደል?»

«ይቅር እማዬ። ፕላስተር ለቁስል ነው።»

የተነሳውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እስኪይዝ ድረስ አልለቀቀችውም።