ጣናን ያላየው ፊልም

ይቺ ልጅ ከዚህ በር ወጥታ አንድ ነገር ብትሆን፣ ለእናቷ ምን ብለው ይመልሳሉ? እማማ ባንቺአየሁ ይህን ጥያቄ ይዘው ይነሣሉ፣ ይዘውት ይተኛሉ፤ መልስ ግን አላገኙለትም። የልጅ ልጃቸው የዜማ እናት ዱርቤቴ ከተማ ታስተምራለች። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ እንደ ልብ አትመጣም። ልጅቱን ባሕር ዳር ትታት ስትመለስ «እምዬ፣ አደራ» ያለችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯቸው አልወጣም። እናም ዜማ ከኮሌጅ እንደገባች የግቢው በር ይቆለፋል። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይውላል።

ዜማ ፊልም ሥራ ትማራለች። አሁን የያዘችው አጭር ፊልም ስለ ጣና ነው። መምህራቸው ታዲያ «መጀመሪያ ለጓደኞቻችሁ አሳዩ፤ አስተያየታቸውን ሰምታችሁ እንደገና አርትዑ» ብሏል። እሷ ወደ ጓደኞቿ መሄድ ስላልተፈቀደላት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኪሩቤልና ተቅዋ እቤት ድረስ መጡላት። እማማም ሰፌዳቸውን ይዘው በሩ ሥር ተቀመጡ፤ ምስር ይለቅማሉ፣ ጆሯቸው ግን ኮምፒዩተሩ ጋ ነው።

«ዜማዬ ሙች፣ አሪፍ ነው» አለ ኪሩቤል። «ግን ሐይቁ የታለ?»

«ያውልህ፣ ያ ሰማያዊው!»

«እሱማ የጎረቤት ሮቶ ነው!»

ተቅዋ ሳቋ አመለጣት። ዜማም ሳቀች፤ ግን ቶሎ ተወችው። ምስሉ ሁሉ ከመስኮቱ ብረት ጀርባ የተቀረጸ ነው፤ ቆርቆሮ፣ የማንጎ ቅጠል፣ በቅጠሉ መሐል ብልጭ የምትል ውኃ። አሞራ ሲያርፍ ከኋላ «ዜማ! የት ነሽ?» የሚል ድምፅ ይገባል። ፀሐይ ስትጠልቅም «ዜማ! የት ነሽ?»

«ይኼን ድምፅ ቁረጪው፤ ይረብሻል» አለ ኪሩቤል።

የእማማ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«እንዳትቆርጪው!» አለች ተቅዋ። «ወላሂ፣ ፊልሙ ስለ ሐይቁ አይደለም፤ ስለዚህ ድምፅ ነው። አሞራውን ምናምኑን አውጪና ድምፁን አንድ ላይ ሰብስቢው። መጨረሻ ላይ ብቻ ሐይቁ ዳር የተቀረጸ አንድ ምስል አስገቢ፤ ድምፁ የሌለበት።»

«እሱን ከየት ላምጣው?» አለች ዜማ። ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ አላነሣችም። «ሰኞ ማስረከቢያው ነው።»

«ድምፄን ምን አረጋችሁት ልጆች?» አሉ እማማ።

«ምንም እማማ፤ እንዲያውም ዋና ተዋናይዋ እርስዎ ነዎት» አለች ተቅዋ።

«ወግጅ! እኔ አደራ ያለብኝ ሰው ነኝ» አሉ። ልጆቹን ሸኝተው በሩን ቆለፉ፤ መቆለፉንም ደግመው ገፋ አድርገው አዩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ፣ ዜማ ተቅዋ እንዳለቻት ፊልሙን ስታርትዕ፣ እማማ ጓዳ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ድንገት ከውጭ አንዲት ሴት ስትጣራ ሰሙ። «ዜማ! የት ነሽ? ዜማ! የት ነሽ? ዜማ!» ፋታ አትሰጥም። ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ የሚያፋጥጥ።

«ማናት ይቺ?» አሉ፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ እየወጡ። «ልጄን እንደ እስረኛ የምትጠራት! ሰው እንዲህ ይጠራል?»

ቁልፉን ከአንገታቸው ሳያወልቁ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ከፈቱ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ድምፁ ግን አሁንም ይጣራል፤ ከኋላቸው፣ ከገዛ ቤታቸው።

ቀስ ብለው ተመለሱ። ዜማ ፊልሙን አቆመችው።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እምዬ።»

«እንዲህ ነው የምጠራሽ?»

እማማ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ቋጠሮው በላብና በዘመን ጠብቋል፤ በጥርሳቸው ፈቱትና ቁልፉን ኮምፒዩተሩ ላይ አኖሩት።

«ዳር ዳሩን ሂጂ። ውኃው አጠገብ አትቁሚ። ካሜራውን ሰው ሳያይብሽ... ባጃጅ ብቻሽን እንዳትገቢ። ደግሞ ተቅዋን ይዘሽ... ስልክሽ ቻርጅ አለው? ስትደርሺ ደውዪ፤ ስትመለሺም...»

ዜማ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። አልጨረሱም። አንዲት ቃል ብትመልስ ሌላ አደራ እንደሚከተል፣ ከዚያም ቁልፉ ተመልሶ ወደ አንገት እንደሚገባ ታውቃለች። ካሜራዋን አነሣች፣ ቁልፉን ያዘች፣ ምንም ሳትናገር ወጣች።