የጠዋቱ ተራ

«ልጄ፣ አንተ የማን ወገን ነህ?» አለችው የሟቹ አክስት፣ ሻይ እያቀበለችው።

«ጎረቤት ነኝ።»

«ጎረቤትማ ሁሉም ጎረቤት ነው» ብላ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈች።

ፍሪጅ ጠጋኙ ብርጭቆውን ይዞ ጥግ ላይ ቀረ። በከተማው ውስጥ እሱ ያላቀዘቀዘው ውሃ፣ እሱ ከመበስበስ ያላዳነው ሥጋ የለም። ሞተር በጆሮው ብቻ አዳምጦ በሽታውን ይናገራል፤ ሆስፒታል ቢቀጠር ኖሮ ግማሹ ሐኪም ሥራ ይፈታ ነበር። አፉ ደግሞ ከእጁ ይበልጣል። ዛሬ ግን፣ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ የሚያወራው አጣ። ከሟቹ ጋር ስምንት ዓመት ግድግዳ ተጋርቶ ኖሮ፣ እዚህ ቤት እግሩን ሲያስገባ ገና የመጀመሪያው ነው።

ግድግዳ ከተባለ! የሽንኩርት ልጣጭ ይወፍረዋል። ወዲያ ማዶ ሰው ሲያዛጋ ወዲህ ማዶ አፍ ይከፈታል።

ሟቹ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነበር። በየጠዋቱ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበስባል። መጀመሪያ መዝሙር። ድምፁ እንደ አረጀ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ነው፤ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገት ቀጥ ይላል። ከዚያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ቁጥር፣ ከዚያ ጥያቄ።

«ጴጥሮስ ውሃው ላይ ሲራመድ ለምን ሰመጠ?»

«ጫማውን ስላላወለቀ!» ትንሹ ነው።

መጨረሻ ላይ ከልጆቹ አንዱ በተራው ይጸልያል። በቃ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

አንድ ቀን ደጅ ላይ ሲገናኙ ሾፌሩ፣ «አንድ ጠዋት መጥተህ ከእኛ ጋር ቁጭ በል እንጂ» ብሎት ነበር።

«እኔ?» አለ ፍሪጅ ጠጋኙ ደረቱን ነፍቶ። «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መድፍ ቢተኮስም አልነቃ!»

ሾፌሩ ስቆ አለፈ፤ ዳግመኛም አልጠየቀውም። የፍሪጅ ጠጋኙ ወሬ ግን ሁሉ ውሸት ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነቃል፤ ፊቱን ታጥቦ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ይጠብቃል። ሾፌሩ «ደህና አደራችሁ?» ብሎ ልጆቹን ሲጠይቅ፣ ለእሱ ባይባልም ድርሻውን ይወስዳል። ሌላ እንደዚያ የሚለው ሰው አልነበረውም።

አሁን ግን ሦስት ጠዋት ሙሉ ግድግዳው ዝም አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል፤ ያልፋል።

«ልጆቹን ጠዋት ማሰባሰቡን እንዳትተዪው» ስትል ሰማ አክስትየው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሱ የሌለበትን ጠዋት እኔ አልችለውም» አለች የሟቹ ሚስት። «ይቅር።»

ፍሪጅ ጠጋኙ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይቅር? ምን መብት ኖሮት አይቅር ይበል!

ከኋላው ልጆቹ ይንሾካሾካሉ።

«እማዬ ነገ ጸልዩ ብትለን የማን ተራ ነው?»

«የኔ!» አለ ትንሹ።

«ዝም በል፣ አንተ ሁልጊዜ የኔ ነው ትላለህ። ማክሰኞ ማን ነበር የጸለየው?»

ተያዩ። ማክሰኞ የመጨረሻው ጠዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተምታቶባቸዋል።

«አባዬ ነበር የሚያውቀው» አለች ትልቋ።

«የትንሹ ነው» አለ ፍሪጅ ጠጋኙ። «ማክሰኞ መካከለኛዋ ናት፤ እጇ ለተሰበረው ጓደኛዋ ጸለየች። ሰኞ ትልቋ ለሒሳብ ፈተናዋ። ከዚያ በፊት ትንሹ ለጎማ፤ የአባቴ ጎማ እንዳይፈነዳ ብሎ…»

ቆመ። ቤቱ ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል። አክስትየው ትሪዋን እንደያዘች ደርቃለች።

«አንተ እስከ ሦስት ሰዓት ትተኛ የለም እንዴ?» አለች ሚስቱ።

«ግድግዳው… ቀጭን ነው።»

«ስምንት ዓመት?»

«እህቴ፣ አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

ዕድሜውን ሙሉ ካወራው ውስጥ አንድም ያልጨመረበት ይኸ ነው።

ሴትየዋ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። «ተራውን የሚያውቅ ሰው ከተገኘማ…» አለችና ሳትጨርሰው ተነሣች።

በማግስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኖ ሰማ። ወንበር ተሳበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ግን መዝሙር የለም።

«ማንን ነው የምንጠብቀው?» አለ ትንሹ።

ፍሪጅ ጠጋኙ ተነሣ። ጫማውን አጠለቀ። በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰና የሥራ ዱካውን፣ ፍሪጅ ሲጠግን የሚቀመጥባትን ያቺን ዘይት የጠጣች አጭር መቀመጫ፣ አንጠልጥሎ ወጣ። ስምንት ዓመት የሰማው የአምስት ወንበር ድምፅ ነው፤ አምስተኛው የማን እንደሆነ ያውቃል።

የሾፌሩ ሚስት በሩን ከፍታ ባዶውን ወንበር አሳየችው። ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። ዱካውን አጠገቡ አስቀምጦ ቁጭ ሲል ጠረጴዛው ደረቱ ላይ ደረሰ።

«ደህና አደራችሁ?» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማው።

«ደህና» አሉ ልጆቹ።

«ተራው ያንተ ነው» አለው ትንሹን። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሁሉም ጨፈኑ። ፍሪጅ ጠጋኙ ብቻ አልጨፈነም። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና የሾፌሩን ወንበር፣ ድምፅ እንዳያሰማ ከወለሉ ትንሽ አንሥቶ፣ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋው።