መርፌን ለሌላ ሰው ሰጡብኝ

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አሰልጣኙ መጠረዣ ክፍል ድረስ መጣ። ሌላ ጊዜ የሚያናግረኝ ከወረቀት መቁረጫው ጩኸት በላይ እየጮኸ ነው፤ ያን ዕለት ግን ማሽኑ እስኪቆም ጠበቀ። ወዲያው ጠረጠርኩ፤ ደግ ወሬ ማሽን አያስቆምም።

"እሑድ መርፌን የሚይዘው ያ አዲሱ የመጋዘን ሠራተኛ ነው" አለኝ። "አንተ ተቀያሪ ትሆናለህ። የምታውቀውን ንገረው።"

መርፌ የልብስ ስፌት ፋብሪካው አጥቂ ነው። ስሙን ያገኘው በሁለት ሰው መሀል ሾልኮ ስለሚያልፍ ነው። እኔን ደግሞ ማተሚያ ቤታችን "ሙጫው" ይለኛል፤ መጽሐፍ ስለምጠርዝ ብቻ አይደለም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በተጋጠሙ ቁጥር የኔ ሥራ አንድ ነው፤ ኳሷ የትም ትሁን እኔ መርፌ ጋ ነኝ። ውሃ ሊጠጣ ወደ መስመሩ ቢወጣ እንኳ እከተለዋለሁ። ሰው በሰው መያዝ ይሉታል፤ ሲያወሩት ቀላል ነው። ዓይኑን ካየህ ያታልልሃል፣ እግሩን ካየህም ያታልልሃል። ማየት ወገቡን ነው፤ ወገብ አይዋሽም። ይህቺን ለማወቅ ስንት ጊዜ ሰው ፊት በቂጤ ተቀምጫለሁ። አሁን ለትናንት መጤ በነፃ ላስረክብ?

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ብነግራት ሳቋን ለቀቀችው። "ጣውንት መጣብህ በለኛ" አለች። ፊቴን ስታየው ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ እራት አቀረበች፤ እኔ እንጀራውን ስቆራርስ አመሸሁ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ በሹመት ይቀናል። እኔ ከኋላው ስሮጥ በኖርኩት ላባም አጥቂ ቀናሁ።

በማግስቱ ለመጋዘኑ ሰው ሁሉንም ነገርኩት፣ ወገቡንም ጭምር። ከደግነት አይደለም። ማወቅ ሌላ፣ መቻል ሌላ ብዬ ነው። ሰምቶ ሰምቶ ሲያበቃ "እሺ ጋሼ" አለኝ። ይቺ ጋሼ ከተቀያሪነቱ ይልቅ ከነከነችኝ።

እሑድ ከወንበር ላይ ሆኜ አየሁት። እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይስጥ። መርፌ ወደ ግራ ሲል የመጋዘኑ ልጅ እዚያ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲልም እዚያው ነው። ያውም ሳይነካው፤ እኔ እኮ ማሊያውን ሳልጎትት፣ ክርኔን ጎኑ ላይ ጣል ሳላደርግ ይዤው አላውቅም። ለዕረፍት ሲወጡ መርፌ እየዞረ ልጁን ያየዋል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ያየዋል። እኔን እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

ከዕረፍት በኋላ አንዴ ሊያልፈው ሲል "እለፈው፣ እለፈው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ አፍ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ተቀያሪ በረኛ ገላመጠኝና የማን ደጋፊ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። እያሳለኝ ነው አልኩት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ልጁ ባቱን ይዞ ወደቀ፤ ጡንቻው ተኮማትሮበት ነው። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው። አሰልጣኙ ገና ሳይጠራኝ ታኬታዬን ማሰር ጀምሬ ነበር።

መርፌ ስገባ ሲያየኝ ፈገግ አለ። "መጣህ?" አለኝ። ልቤ ሞቀ። ከዚያ ወዲያ ፊሽካው እስኪነፋ አልለቀቅኩትም፤ ማሊያውንም ጎተትኩ፣ ክርኔንም ጣል አደረግኩ። አንዴ አምልጦኝ የመታት ኳስ አግዳሚውን ገጭታ ወጣች እንጂ ሌላ ነገር አላገኘም። ባዶ ለባዶ ተለያየን። ከኔ ሌላ ማን ይይዘዋል፣ አልኩ በሆዴ።

የኛዎቹ ልጁን ተሸክመው ሲጨፍሩ እኔ መሀል ሜዳ ቀረሁ። መርፌ ማሊያውን አውልቆ በቀጥታ ወደኔ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን ስንተሻሽ ማሊያ ተቀያይረን አናውቅም። እኔም ፈጠን ብዬ የራሴን ማውለቅ ጀመርኩ፤ የተናገረው ማሊያዬ ጭንቅላቴን እንደሸፈነው ነው።

"ለዚያ ልጅ ስጥልኝ። እንደሱ አድርጎ የያዘኝ የለም በለው።"

ማሊያዬን መልሼ ወደ ታች ሳብኩት። እሺ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ልጁን አውርደው ያስቀመጡት ከኛ ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ባቱን እያሹለት ይስቃል። በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቴ እጄ ላይ ያለውን አየችና የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"የመርፌ ነው" አልኳት።

"ሰጠህ?" አለችኝ። ያን ቀን አላሾፈችም፤ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር።

"ሰጠኝ" አልኳት።