ፊደል መመለስ

«ልጁን ነው አሉ፤ ትንሣኤን» አለች አንዷ ለቅሶ ደራሽ፣ ንፍሮውን በእፍኟ እየዘገነች።

«እሱ ደግሞ ምን አደረገ?»

«አባትየው ገድሎ ቆላ ገባ። ታዲያ ማን ቀረ?»

ዓይናለም ሰማች። እንዳልሰማ ሰው ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ወንድሟ ሚልኪያስ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን ከሟቹ ይልቅ ስለሚቀጥለው ሟች ይወራል። ታላቅ ወንድማቸው ደምሴ ከሚኖርበት ከገሳይ ከደረሰ ጀምሮ ጠመንጃውን በጋቢው ጠቅልሎ በሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንዲት እንባ አልወጣችውም። ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ «ደምሴ፣ ልጄ፣ አልቅስ እንጂ ይውጣልህ» ብትለው ቀና ብሎም አላያት።

«የማለቅሰው ስመለስ ነው» አለ። «ነገ ሣልስቱን እናውጣ። ከዚያ ይፋግ ደርሼ እመጣለሁ።»

ይፋግ ማለት ትንሣኤ ነው፤ የገዳዩ ልጅ፣ ጫጉላው ያላለቀ አዲስ ሙሽራ። ዓይናለም ይህ ሰው እንዳይሞት ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ፤ አፏን ከፍታ አንድ ነገር መናገር ብቻ ነው። እሱን ከተናገረች ግን ሚልኪያስን ማን ገደለው ሲባል ከእንግዲህ ሁለት ስም ይጠራል።

ሚልኪያስ ማተሚያ ቤት ነበረው ሲባል የማያውቅ ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል። ደብረ ታቦር መንገድ ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ ከጎንደር ከአንድ ሽማግሌ አታሚ የገዛው በክንድ የሚሠራ የብረት ማተሚያና የእርሳስ ፊደል የሞላበት ሳጥን አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ሲገዛው ያልሳቀበት አልነበረም። ኋላ መብራቱም ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ኮምፒዩተር ቤቱ ሁሉ በሩን ሲዘጋ፣ የሳቀው ሰው ሁሉ እሱ ደጅ ተሰለፈ። መብራቱ ከተመለሰ በኋላም አልተወውም። ፊደሉ ወፍራሙ ወረቀት ላይ ጠልቆ ስለሚገባ የሚልኪያስን ካርድ ዓይን ብቻ ሳይሆን ጣትም ያነበዋል። የሠርግ መጥሪያ ይሁን የማኅበር ደብዳቤ፣ ባለጉዳዩን አስቀምጦ ወሬ እያስወራ ጌጡን በእጁ ይስልለታል። «ይኸውልህ፣ አንተን የሚመስለው ይኼ ነው» ይለዋል፤ ሰውየውም እውነትም የሚመስለው ነገር ይዞ ይወጣል።

ፊደል የምትለቅመው፣ ፊደሎቹን ከሳጥኑ አንድ በአንድ እያነሣች ቃል አድርጋ የምትደረድረው፣ ዓይናለም ነበረች። ተገልብጦ የሚነበበውን መስመር እንደ ቀናው ታነበዋለች፤ ጣቶቿም ከቀለሙ ብዛት ቢታጠቡ የማይጠሩ ሆነዋል። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን ፊደል አጥባ ሳጥኑ ውስጥ ወዳለው ወደየቤቱ ትከታለች። ፊደል መመለስ ይሉታል። ሚልኪያስ ይህ ሥራ ይሰለቸው ነበር። «መልቀሙን እንኳ እኔም አላጣው፤ መመለስ ግን ላንቺ ነው የተሰጠው» እያለ ያሾፍባታል።

ከሰዓት በኋላ የኔታ ዘውገ መጡ። ሚልኪያስን በልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጸሎት አድርሰው፣ ሰዉ ሳሳ ሲል መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቧ ተቀመጡ።

«የሠርጉን ካርድ አይቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሙሽራው አባት ስም ላይ በንጉሡ ሠ ቦታ እሳቱ ሰ ገብቷል።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሠረቀ ብርሃን በንጉሡ ሲጻፍ ብርሃን ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ ሲጻፍ ግን ሰውየውን ሌባ ማለት ነው። ሚልኪያስን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አይስትም።»

ዓይናለም የጠቆሩ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። የኔታም አልደገሙም፤ ግን አልተነሡም። እዚያው ተቀምጠው መጠበቃቸው ከጥያቄው የባሰ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ትንሣኤ ሽማግሌ ልኮ ዓይናለምን ጠይቆ ነበር። ቀን ከተቆረጠ በኋላ አባቱ፣ የይፋጉ ነጋዴ ሠረቀ ብርሃን፣ «እጇ የጠቆረ ምራት ቤቴ አትገባም» አለ። ልጁም አባቱን እምቢ የሚልበት ወኔ አልነበረውም። ዘንድሮ ያው ሰውዬ የልጁን የሠርግ መጥሪያ ሊያሳትም መጣ፤ ከሚልኪያስ የተሻለ የሚያትም የለማ። ስሙን የጻፈበትን ወረቀት አስቀምጦ ሲወጣ ዓይናለም እዚያ መቆሟን ያወቀ አይመስልም ነበር።

ስሙን ስትለቅም የንጉሡ ሠ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እጇ አልፎት ሄዶ እሳቱን አነሣ። ሰውየው በወጣትነቱ አንድ ጥማድ በሬ ሰርቋል እየተባለ እንደሚታማ ታውቃለች። አንድ ሁለት ደብተራ ያያታል፣ ተጠቃቅሰው ይስቃሉ፣ የኔም አንጀት ይርሳል ብላ ነው። ያን ዕለት በእርግጥም አንጀቷ ራሰ። ሚልኪያስ ጌጡ ላይ እንጂ ስሙ ላይ አላተኮረም፤ በእሷ ለቀማ ስህተት ፈልጎ አያውቅም ነበር።

ሠርጉ ላይ አንድ ሞቅ ያለው ደብተራ ካርዱን ጮክ ብሎ አነበበና ተረጎመው። ዳሱ ሳቀ። በማግስቱ ጧት ሠረቀ ብርሃን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ካርዱን ማተሚያው ላይ ወረወረው።

«ይቺን የለቀመ ማን ነው?»

ሚልኪያስ ካርዱን አየ። ቀጥሎ እህቱን አየ። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ሲገባው ዓይናለም ፊቱ ላይ አይታዋለች።

«እኔ ነኝ» አለ። «የንጉሡ ሠ አልቆብኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ፤ ሁሉንም እንደገና አትምልዎታለሁ።»

ሠረቀ ብርሃን የቄስ ትምህርት ያየ ሰው ነው። ሠ ደግሞ ተገለበጠም ቀናም መልኩ አይጠፋም። ወደ ሳጥኑ ሄዶ ቤቶቹን በዓይኑ ፈለገና እጁን ከተተ። እፍኝ ሙሉ ሠ ይዞ ወጣ።

«አልቆብኝ?» አለና እርሳሱን ሚልኪያስ ፊት ላይ በተነው። የሚልኪያስን ቀኝ እጅ ጨምድዶ ማተሚያው ውስጥ ከተተ፤ እጀታውን ባለ በሌለ ጉልበቱ ሳበው። አጥንቱ ሲሰባበር ተሰማ። ሚልኪያስ በግራ እጁ የሰውየውን አንገት አነቀ፤ ተያይዘው ሳጥኑን ገልብጠው ወደቁ። ሰውየው ከወገቡ የመዘዘው ሽጉጥ ሦስት ጊዜ ተተኮሰ። አንዱ ጥይት የሚልኪያስ ጉሮሮ ላይ ነበር። ሚልኪያስ ወደ እሷ ዞሮ ሊናገር አፉን ቢከፍት ደም ብቻ መጣ፤ በተበተነው ፊደል መሃል እየፈሰሰ ሄደ። ዓይናለም የጮኸች ይመስላታል። ጎረቤቶች ግን የሰማነው ተኩሱን ብቻ ነው አሉ።

የኔታ በመጨረሻ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«እሱ ሸፍኖሽ ሄዷል፣ ልጄ» አሉ። «ያን ሙሽራ ልጅ ግን የሚሸፍነው የለም።»

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ደምሴ ጠመንጃውን ከጋቢው አወጣ። የአጎቱ ልጆች መኪና አስነሥተው ይጠብቁታል።

«ጋሼ» አለችው ዓይናለም፣ «አንድ ጊዜ ወደ ማተሚያ ቤቱ ይምጡ።» አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋቸው እሱ ነው፤ አንተ ብላው አታውቅም።

«ስመለስ።»

«ከተመለሱ በኋላ አይጠቅምም።»

ደምሴ ተከትሏት ገባ። የማተሚያ ቤቱን ወለል ማንም እንዲጠርገው አልፈቀደችም ነበር። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል፤ ፊደሉ ተጣብቆበታል። ጎንበስ ብላ አንዱን ፈልፍላ አነሣችና መዳፉ ላይ አኖረችው። ደምሴ ማንበብ አይችልም።

«ምንድን ናት?»

«ሚልኪያስን ያስገደለችው ፊደል ናት። የለቀምኳት እኔ ነኝ።»

«አልቆባችሁ ነው አሉ እኮ።»

«አላለቀም። ሆን ብዬ ነው። ትንሣኤ ስለተወኝ፣ አባቱ እጄን ስለተጸየፈ፣ ሌባ ብዬ ልሰድበው ነው። ትንሣኤ የሚያውቀው ነገር የለም። ደም የሚመልሱ ከሆነ ከኔ ይጀምሩ።»

«ሚልኪያስስ?»

«እዚያው ነው ያወቀው። እኔን አየኝና፣ እኔ ነኝ አለ።»

የጠመንጃው ሰደፍ አፏ ላይ አረፈ። ፊደሉ መሃል ወደቀች፤ የተሰበረ ጥርሷን ከደም ጋር ተፋችው። ደምሴ አቀባበለና አፈሙዙን ግንባሯ ላይ ደገነ። ዓይናለም አልሸሸችም። እውነቱን ለመናገር ቢተኩስ በወደደች ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚኖር ኑሮ አልታያትም።

ደጅ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። «ደምሴ፣ ረፈደ» አለ አንድ ሰው።

አፈሙዙ ቀስ እያለ ወረደ።

«እሱ የሞተልሽን እኔ እንዴት ልግደልሽ?» አለ ደምሴ። «ይፋግስ ሄጄ ምን ብዬ ነው የምተኩሰው?»

ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ። ደምሴ ጥይቶቹን አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ጠመንጃውን ማተሚያው ላይ አስደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የማለቅሰው ስመለስ ነው ያለው ሰው የትም ሳይሄድ አለቀሰ።

ዓይናለም አፏን በነጠላዋ ጠረገች፣ የተገለበጠውን ሳጥን አቃናች፣ ላምባና ጨርቅ አቀረበች። አንድ ፊደል አጥባ ቤቱ ከተተች። ሌላ አጠበች። ደምሴ በወፍራም ጥፍሩ ከደረቀው ደም ውስጥ አንድ ፊደል ፈልፍሎ አወጣ፤ በጋቢው ጫፍ ወልውሎ ወደ እሷ ዘረጋው።

«የዚችስ ቤቷ የት ነው?»

እጁን ይዛ ወደ ሳጥኑ ወሰደችው።