የተከራየው መወጣጫ

ሰባተኛ አካባቢ፣ የፈረሱ ሱቆች ባለቤቶች በአክሲዮን ማኅበር ተሰባስበው ከሠሩት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሰፈሩን ታሪክ የሚያሳይ ትንሽ ሙዚየም አለ። ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ ስለሚገባው አይደለም እዚያ የተሰቀለው። ፎቁ ተከራይ ስላጣ ነው። መርካቶ ውስጥ ገበያተኛ የማይወጣበት ፎቅ ለታሪክ ቢሰጥ የሚከስር የለም።

አፍራ እናቷን በዊልቸር እየገፋች ከአብነት እዚያ ድረስ የመጣችው ለአንድ በር ብላ ነው። የሟች አባቷ የጋሼ ጠሀ ሱቅ የቆርቆሮ በር ሙዚየሙ ውስጥ ቆሟል። ጋሼ ጠሀ ፊደል የለዩት በዚያ በር ጀርባ ላይ ነበር፤ አስተማሪያቸው ሚስታቸው እትዬ ማሂራ ናቸው። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል በሩን ይዘጉና በቀይ ቀለም ያስጽፏቸዋል። መጀመሪያ የጻፉት ቃል «ማሂራ» ነበር፣ ያውም ተንጋዶ።

ሙዚየሙ ሲከፈት እትዬ ማሂራ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ስኳር ቀኝ እግራቸውን አስቆረጣቸው። ነገ ደግሞ ቡታጅራ ትልቁ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባን ማየታቸው እንጃ። ስለዚህ በሩን ካዩ ዛሬ ነው፣ ካላዩም ቀረ። ይህን አውቀው ከጠዋት ጀምሮ የዒድ ሻሻቸውን አድርገው ሲጠብቁ ነበር።

የሕንፃው መግቢያ ስድስት ደረጃ አለው። ከጎኑ ለዊልቸር የተሠራ መወጣጫ አለ፤ ሊፍቱም ያለው እሱ ሲያልቅ ነው። ግድግዳው ላይ የዊልቸር ሥዕል ያለበት ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፏል። መወጣጫው ላይ ግን ፍራሽ ተጠቅልሎ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ከፍራሹ ፊት ሳፋ፣ ከሳፋው ፊት ፔርሙዝ፣ ከፔርሙዙ ፊት ሙስአብ የሚባል ነጋዴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ መንገዱን ልቀቅልን» አለች አፍራ።

«የቱን መንገድ?»

«የተቀመጥክበትን!»

«ይሄ ሱቅ ነው እህቴ። ውል አለኝ።»

አፍራ በንዴት ሳቀች። ስልኳን አውጥታ የሙዚየሙን ብቸኛ ሠራተኛ ማስረሻን ጠራችው። እሱም አምስቱን ፎቅ ወርዶ እያለከለከ መጣ።

«ትናንት ስደውልልህ መወጣጫ አለ አላልከኝም?»

«አለ እኮ» አለ ማስረሻ ላቡን እየጠረገ። «ከፍራሹ ሥር ነው።»

«ሽንት ቤትስ? እሱም ከፍራሽ ሥር ነው?»

«አራተኛ ፎቅ ነው። ግን ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ምሳ ወጥቷል።»

አፍራ እንባዋ መጣ። ያናደዳት የማስረሻ መልስ ብቻ አይደለም፤ እናቷ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ዝም ማለታቸው ነው። እትዬ ማሂራ በዕድሜያቸው ለዋጋም ለሰውም ዝም ብለው አያውቁም።

ሙስአብን አሳዘኑት። «ሁለት ኩሊ ልጥራ? እናታችንን ተሸክመው ያደርሷቸዋል» አለ።

«እግሬን ነው የቆረጡት፣ ክብሬን አልቆረጡትም» አሉ እትዬ ማሂራ። «አርባ ዓመት በነገድኩበት ገበያ መሀል እንደ ጆንያ አልጫንም።»

«እሺ ማነው ይሄን ያከራየህ?» ብላ አፍራ ሙስአብ ላይ ጮኸች።

«ማኅበሩ ነዋ።»

«ማኅበር እጅ አለው? አፍ አለው? የሰው ስም ጥራልኝ!»

ሙስአብ አንዴ ወደ ዊልቸሩ አየና አቀረቀረ። «ተይው እህቴ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

ባለሥልጣን ሊሸፍን ነው ብላ አሰበች አፍራ፤ ደሟ ፈላ። የመጀመሪያውን ፍራሽ ይዛ ጎተተች።

«ተይ አፍራ! የሰው ንብረት ነው!» አሉ እናቷ።

በዚህ መሀል ማስረሻ ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛ እያለከለከ ሲመለስ ሰፊ መዝገብ ታቅፏል፤ የጎብኚዎች አስተያየት መስጫ ነው። ከሙዚየሙ ዕቃ ሁሉ መውረድ የተፈቀደለት መዝገቡ ብቻ መሆኑ ነው።

«እትዬ ማሂራ፣ ቅሬታዎን ይጻፉልን። የማኅበሩ ቦርድ በየወሩ ያነበዋል።»

«ጻፊ እማዬ!» አለች አፍራ። «ይሄን ያደረገውን ሰው ስሙን ጠርተሽ ጻፊ! አንብቦ ይፈር!»

እትዬ ማሂራ መዝገቡን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። እስክሪብቶውን አነሱ። ከዚያ በዚያ የአስተማሪ ጽሕፈታቸው ቀስ ብለው ጻፉ። አፍራ በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ አነበበች።

«የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሳለሁ፣ ይህ ቦታ ባዶውን ከሚቀመጥ ይከራይ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሁለት እግር ነበረኝ። ማሂራ።»

«ምነው እትዬ፣ ማን ጠየቀዎት?» አለ ሙስአብ ፊቱ ቀልቶ። አውቆ ነበር ሲሸፍንላቸው የቆየው።

«ልጄ ጠይቃለች እኮ።»

ሙስአብ ተነስቶ ፍራሽ ማውረድ ጀመረ። «ሁሉንም አነሳዋለሁ። ማታም ቢሆን ይወጣሉ።»

«ተው ልጄ። ውል ውል ነው፣ ያስፈረምኩህ እኔ ነኝ። ለቦርዱ ግን ጽፌዋለሁ።» መዝገቡን ዘግተው ለማስረሻ መለሱለት። «ስምንት ዓመት እዚህ በር ላይ ተመላልሻለሁ። ስንቱ ሰው እንደኔ መጥቶ እንደተመለሰ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም።»

አፍራ መናገር ፈለገች። ከመጣች ጀምሮ የሚሰደብ ሰው ስትፈልግ ቆይታ፣ አሁን ባገኘችው ጊዜ ንዴቷን የምታወርድበት ቦታ አጣች። የእናቷን ትከሻ ያዝ አደረገችና ዊልቸሩን ወደ መጡበት አዞረችው።