ፊንታን ከሞተ በኋላ የተናገረው

ባሌ ፊንታን በሞተ በወሩ፣ የመታሰቢያ ቅዳሴው በተደረገ ማግስት፣ ስልኬ ውስጥ ሲያወራ አገኘሁት። የፋርማሲ ነጭ ጋዎኑን ለብሷል። ድምፁ የራሱ ነው፤ መሀል ላይ ጉሮሮውን መጠራረጉ እንኳ አልቀረም። «ወዳጆቼ፣ የልብ ክኒናችሁን ጣሉት፤ ይህን ጠብታ ውሰዱ» ይላል። ፊንታን! አርባ ዓመት ሙሉ «ክኒን አታቋርጡ» እያለ አገሩን ሲለምን የኖረው ሰው!

ጠብታ ሻጮች በማሽን አስመስለው እንደሠሩት አውቄያለሁ፣ ልጆቼ። እያወቅኩም በየቀኑ ከምሳ በኋላ እከፍተው ነበር። ናፍቆኝ ነበራ።

እኛ የአየርላንድ፣ የክሌር ሰዎች የሟች ስም አይተን ዝም ብለን አናልፍም። ከቪዲዮው ሥር «ነፍሱን ይማር»፣ «ደግ ሰው ነበር» እየተባለ ይጻፋል፤ እኔም ለእያንዳንዱ አመሰግናለሁ። ሰው በጻፈ ቁጥር የቪዲዮ ገጹ ባለቤት ኩባንያ ቪዲዮውን ለሌላ ሰው እንደሚገፋው ማን ነገረን? ሟቹን ቤት ለቤት ያዞርነው ለቅሶ ደራሾቹ ነን።

ጎረቤቴ አትራክታ እየሳቀች መጣች።

«ኑአላ፣ ባልሽ ከሞተ ወዲህ ነው እኮ ወሬ ያወቀው! በቁሙ አንድ ቃል ለማውጣት ጉጠት ይፈልግ ነበር።»

«እሱ አይደለም፣ አትራክታ።»

«ሂጂ ወዲያ! ፊንታንን ለእኔ ልታስተዋውቂኝ ነው?»

ከዚያ በላይ አልተከራከርኳትም። ብከራከር ቪዲዮውን ማስጠፋት ሊኖርብኝ ነው።

ሐሙስ ዕለት አትራክታ ፖስታ ቤት ውስጥ ወደቀች። ቦርሳዋ ውስጥ ያ ጠብታ ተጋምሷል፤ የልብ ክኒኗ ግን አልተነካም።

ያን ጊዜ ለኩባንያው አመለከትኩ። «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ በደቂቃ መጣ። ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ግሬን አይታ ተናደደች።

«በዚህማ አያመልጡም፣ እትዬ ኑአላ! ሕግ አለ። ይግባኝ ሲባሉ ሰው አይቶት ምክንያቱን ሊጽፉልሽ ግድ ነው። እንቢ ካሉ ደብሊን ያለው ተቆጣጣሪ ይጠይቃቸዋል።»

የይግባኙን ቅጽ አብረን ሞላነው። «ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ ይፈልጋሉ?» የሚለው ላይ እጄ ቆመ። ግሬን አላጣደፈችኝም። አትራክታን ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተሰክቶ ሳያት ትዝ አለኝ፤ «አዎ» አልኩ።

ኩባንያው አሁንም እንቢ አለ። ለደብሊን ጻፍን። በሦስተኛው ሳምንት ቪዲዮው ከነቅጂው ጠፋ፤ ኩባንያውም ለምን ያን ያህል እንዳሰራጨው እንዲያስረዳ መጠየቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ።

አትራክታ ከሆስፒታል ደወለች። «ነግረሽኝ ነበር፤ ግን አፍሽ ብቻ ነበር የሚናገረው» አለችኝ።

ከምሳ በኋላ በልማዴ ስልኩን ከፈትኩ። ባዶ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ይከፈታል፤ ፊንታን የሞተበት ሆስፒታል መስኮት ግን አይከፈትም ነበር። ተነሥቼ የመኝታ ቤታችንን መስኮት ከፈትኩት። ዝናብ ገባ።

ከኋላዬ ጉሮሮውን የጠራረገ መሰለኝ። አልዞርኩም። መስኮቱን ግን ትንሽ ጨምሬ ከፈትኩት።