ማን ነህ የማይል መስመር

በዚህ ቤት የበሩ መወርወሪያ እንኳ ከእኔ በላይ ይደመጣል። ልጄ ከማል ፊደል ስላልቆጠርኩ ጆሮም ያልተፈጠረልኝ ይመስለዋል። «እማ፣ አንቱ ምኑ ይገባዎታል?» ይለኛል፤ እሱ የገባው ይመስል!

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ ከተማችን ቡራዩ ስትታመስ መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ። የልጅ ልጄ ራቢአ አዲስ አበባ እየተመላለሰች የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ትማራለች። መንገዱ ሳይዘጋ መምህሯ መልመጃዋን አይቶ «ይሠራል፤ ግን ረዝሟል። አሳጥረሽ ካላመጣሽ አታልፊም» ብሏት ነበር። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ገለቴ «መንገዱ ተከፈተ!» ብላ ገባች። ከማል ግን «ይሠራል ለተባለ መልመጃ ብዬ ልጄን ጎማ ወደሚነድበት አልሰድም» አለ። እኔም አልፈረድኩበትም።

ቢሆንም ራቢአ አጠገብ ተቀመጥኩ። «እስቲ አሳዪኝ።»

«ሰው የተናገራቸውን ቃላት ይቆጥራል፣ እማማ። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ዕቃ አለው፤ በስሙ ሲጠሩት ውስጡ ያለውን ቁጥር ይሰጥዎታል። ዕቃዎቹ በአንድ ላይ ማፕ ይባላሉ። በሉ ይናገሩ።»

ከማልን እስኪበቃኝ ሰደብኩት። ገለቴንም በኦሮምኛዋ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነዪ ተቀመጪ ብዬ ወደ በርጩማው ጠራኋት። ራቢአ ሁሉንም ጻፈች፣ ማሽኑ ቆጠረ። ከሁሉ የበዛው «ደንቆሮ» ሆነ። ገለቴ በሳቅ ፈረሰች።

«ታዲያ ምኑ ነው የረዘመው?»

«ቃል በመጣ ቁጥር ‹ከዚህ በፊት ነበርክ ወይ?› እላለሁ። ከነበረ አንድ እጨምራለሁ፤ ካልነበረ ዕቃ እከፍትለታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ...»

«እንደ ኬላው በይኛ!» አለች ገለቴ። «መታወቂያ! ከየት መጣሽ? ወዴት ነሽ?»

ራቢአ የጻፈቻቸውን መስመሮች በየተራ ማጥፋት ጀመረች። ማገሩ የሚነቀል ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። «ተይ ልጄ፣ ይናድብሻል!» አልሰማችኝም። አንድ መስመር ብቻ ቀረ።

«አዲስ የመጣ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ ማን ነህ ሳልለው አንድ እጨምርለታለሁ» አለችና ቁልፉን ነካች።

ያው መልስ! የእኔ አማርኛ፣ ያ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ስድቡም ሳይቀር፣ እያንዳንዱ በቦታው። ሱብሃነላህ! ማገሩ ሁሉ ወጥቶ ቤቱ ቆሟል። ደጅ ሰው በስሙና በቋንቋው እየተጠረጠረ፣ እዚህች ሣጥን ውስጥ የመጣው ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል።  

ቀና ስል ከማል በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ምን ትገተራለህ? ጫማህን አድርግ፤ ሚኒባሱ እየጫነ ነው። ያሳጠረችውን ለመምህሯ እንድታሳይ ልጅህን አንተው ራስህ ታደርሳታለህ። ኬላው ላይ ማን ነሽ ካሏትም አንተ መልስላቸው።»